ለከርሞ የተተወ ቅምቅማት

ታላቅ እህቴ ከእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ አባታችንና ከሆስፒታል ልብስ አጣቢ እናታችን በ1952 ዓ.ም.፣ ከመሰንጠቂያው ግቢ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ፤ እኔ በስድስት ዓመት ተከተልኳቸው። ዕድሜዬን በሙሉ አንቺ ስላቸው ኖሬ ዛሬ አንቱ ማለቴን ቢሰሙ ይስቁብኝ ነበር።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ በላይ ያልገፉት ሰንፈው ሳይሆን የአባታችን እጅ በመጋዝ በመጎዳቱ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው የስፌት ማሠልጠኛ ገቡ፤ በ1971 ዓ.ም. ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመሩ። ሜትሩ ከአንገታቸው ስለማይወርድ ልጆቹ “እማማ ሜትር” ይሏቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም።

በ1978 ዓ.ም. የቧንቧ ሠራተኛ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። የሠርጋቸው ዕለት ለብሰው፣ አምረው ከቤት ሊወጡ ሲሉ ሜትሩን ከአንገታቸው ላይ ያወለቅሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያ ወንድ ልጅ፣ በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ሴት ልጅ ወለዱ። ሴቷን አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ፌንጣ አልናት።

እህቴ ለማንም ልጅ ሲሰፉ ከታች አራት ጣት የሚያህል ቅምቅማት ይተዉ ነበር። ልጁ ሲያድግ ፈትተው ያስረዝሙታል። “ለከርሞ አምጡት” ሳይሉ ያሰናበቱት እናት የለም።

ከሚለኳቸው ልጆች አንዱ ከሞተ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ወላጆቹ ይሄዳሉ። በርቱ ብለው አያውቁም፤ ሌላ ልጅ ይተካል የሚል ሰው ካጋጠማቸውም በዓይናቸው ያስነሱታል። ከእናትየው ጎን ተቀምጠው ስለ ልጁ ያወራሉ። ዘንድሮ እጅጌው ሁለት ጣት መጨመሩን፣ ወገቡን ሲለኩት ኩርኮራ አልችል ብሎ እንዴት እንዳስቸገራቸው ያነሳሉ። ስንት ቀን ሳይናገር የከረመ አባት ያኔ አፉን ሲፈታ አይቻለሁ። ዘመድ የልጁን ልብስ ሊሰበስብ ከተነሳ ደግሞ በሩ ላይ ይቆማሉ። አንድ ቤት ውስጥ የሟች ልጅ ጫማ ይዤ ልወጣ ስል ከእጄ ነጥቀው፣ “እነሱ ራሳቸው እስኪሉ አትንኪ። መጀመሪያ ጠይቂ” ብለውኛል። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም የምልበት መንገድ የለኝም።

በ1995 ዓ.ም. ትምህርት በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት ፌንጣ በአራት ቀን ትኩሳት ሞተች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። እህቴ ሐኪም በሰጣቸው መድኃኒት ተኝተው ሳለ፣ ዓይናቸው ካላየ ይቀላቸዋል ብዬ የልጅቷን ዕቃ በሁለት ሻንጣ ሞልቼ አወጣሁት። ማንንም አልጠየቅሁም። አዲሱን ዩኒፎርሟን ለጎረቤታችን ለዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ሰጠሁ።

በወሩ እህቴ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሳለ ያቺ ልጅ ለብሳው አለፈች። ከፌንጣ ትረዝም ስለነበር እናቷ ቅምቅማቱን ፈትታዋለች፤ የድሮው እጥፋት መስመር ግን ጨርቁ ላይ ቀርቷል። እህቴ ሱቁን ክፍቱን ትተው እኔ ዘንድ መጡ።

“ቅምቅማቱን ማነው የፈታው?” አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቆመው ሰሙኝ።

“እኔ ነበርኩ የምፈታው። ለከርሞ።”

ከዚያ ወዲያ ልጅ የሞተበት ቤት አልገቡም። የሚሰፉት ሁሉ ልክክ ያለ ሆነ፤ አንዲት ጣት ትርፍ የለውም። በመንፈቅ እያጠረባቸው የተቸገሩ ወላጆች ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ። ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ “ተይው” ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ለስንቱ ወላጅ ስለ ልጁ ሲያወሩ የኖሩ ሴት፣ ስለ ልጃቸው የሚያወራቸው አላገኙም። እኛ እንዳናስታውሳቸው ስንጠነቀቅ እሳቸው ሃያ ዓመት ብቻቸውን አስታወሱ።

አምና ኩላሊታቸው ታመመ። ሆስፒታል ሲመላለሱ እኔ የፌንጣን የዩኒፎርም ቀሚስ ፍለጋ ዳቦ ጋጋሪዋ ዘንድ ሄድኩ። የትሪ መወልወያ ሆኖ ካለቀ ዘመን አልፎታል አለችኝ። ለእህቴ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸው፣ ወንድ ልጃቸውና እኔ ቀርተናል። ልታጽናኑን የመጣችሁ ወዳጆች፣ ክፍላቸው እንዳለ ነው። መነጽራቸውም ስፌት መኪናው ላይ ነው። እባካችሁ ምንም አታንሱ፤ ባለቤታቸውን ጠይቁ።

ትናንት ገላቸውን ስናጥብ ሜትሩ አልጋቸው ራስጌ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ላነሳው እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። ባለቤታቸውን ጠየቅሁ። አንገቷ ላይ አድርጊላት አሉኝ፤ አደረግሁላቸው። ይህን አንዴ መጠየቄን እትዬ አላየችልኝም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ፌንጣ ባለችበት ያሳርፍልን።