ሶልያና የምታየው በር

ይድረስ ለልጄ ለትጓደድ፣

የቁስቋሟ እመቤቴ አንቺንም ልጅሽን ሶልያናንም በሰው አገር ከክፉ ሁሉ ትጋርድልኝ። እኛ ደህና ነን። የኮሶዬውን ማሳችንን ገብስ ውርጭ መታው፤ ጎረቤታችን አያ አለምነህም ጉልበቱ አልተሻለውም። ክብሪቱን ኤርፖርት ላይ ከልጅቷ ቦርሳ አውጥተው ጣሉት ማለትሽ አናዶኛል፤ ስትወድቅ ታዲያ ምን ልታሸቺያት ነው?

ከዴልሂ የላክሽውን የአንጎሏን ፎቶ አየሁት። የሚጥላት ነገር የሚነሳው ከነጩ ነጥብ ነው፣ ሐኪሞቹም ቆርጠው የሚያወጡት እሱን ነው ብለሻል። ከፎቶው ጋር እንዲያመሳክሩት፣ እኔ ዘንድ ሳለች ከመውደቋ በፊት ምን ታደርግ እንደነበርም ጠይቀሽኛል።

እንግዲህ ልንገርሽ። አንገቷን ወደ ግራ ታዞራለች፤ የጓዳውን በር አይታ ፈገግ ትላለች። ከዚያ «እትዬ ዝናሽ መጣች» ብላ ትወድቃለች።

እህቴ ዝናሽ በዚሁ በሽታ የሞተችው አንቺ ሳትወለጂ ነው። ስሟን ለልጅቷ አንስቼላት አላውቅም። ዝናሽም ልትወድቅ ስትል ያንኑ በር ነበር የምታየው።

ለሐኪሞቹ ስለ አንገቷ ንገሪያቸው፤ ስለ ስሙ እንደ ወደድሽ። ብቻ ይቁረጡላት። ልጅቷ ከሄደች ወዲህ፣ ማታ የዘጋሁት የጓዳ በር ጠዋት ተከፍቶ ይጠብቀኛል።

እጃቸውን ይባርክልሽ፤ ሸጋ ሆና በእግሯ ትመለስልኝ። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ወደ ቀዶ ጥገናው ሲያስገቧት ደውይልኝ። የጓዳውን በር ራሴ ከፍቼ እቀመጣለሁ። ልጅቷን ትታ ስትመጣ፣ እህቴ ደጅ እንዳትቆም።

እናትሽ አዝመራ