የሰደርያዬ ቁራጭ

ሎስ አንጀለስ፣ የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ፣ ለኤልዳና ሀይለገብርኤል፣

የኔ ቆንጆ፣ እንደምን ከረምሽ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን እንዴት እንደከረምሽ ከአዳማ የመጡት እትዬ ዘሪቱ አንድም ሳያስቀሩ ነግረውኛል፤ አሁን እንዳላወቀ ሰው ብጠይቅሽ ምላሴም አይታዘዝልኝም። ነገሩን በስልክ ያልነገርኩሽ ደግሞ ራሴን ስለማውቃት ነው። ስልክ ላይ ከሆነ ሳቅ ብዬ፣ ስለ ብርዱና ስለ ሙቀቱ አውርቼ፣ «ካርዴ ሊያልቅ ነው» ብዬ አመልጥሻለሁ። አሜሪካ ምን ካርድ አለ ብለሽ እንኳ አትጠይቂኝም፤ ጨዋ ነሽና።

እትዬ ዘሪቱ ልጃቸውን ጠይቀው ሲመለሱ ላፕቶፕሽን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይዘውልሽ ይመጣሉ። ያው ራሱ ነው፣ ተጠግኗል። አዲስ አይደለም። መጀመሪያውኑም አዲስ አልነበረም፣ ኤልዱ። አንቺም አልሰበርሽውም።

ይቺን መስመር ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ አትጠይቂኝ። አሁን ከተጻፈች በኋላ ሌላው ይቀለኛል መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ፓርኪንግ ያለበት ሕንፃ ላይ አንድ ድርጅት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ሲሸጥ አንዱን ገዛሁልሽ። ቤት ወስጄ ክዳኑን ወደ ኋላ ለጠጥ ሳደርገው ስክሪኑ ድርግም አለ። መለስ ሳደርገው በራ። እንደገና ለጠጥ፣ እንደገና ድርግም። መመለስ ነበረብኝ፣ ካልሆነም ለአንቺ መንገር ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አደረግሁ መሰለሽ? ከአሮጌ ሰደርያዬ ላይ የሚያብለጨልጨውን ጨርቅ ቆረጥኩና አጣጥፌ ማጠፊያው ውስጥ በሙጫ ለጠፍኩት፣ ክዳኑ ከልኩ አልፎ እንዳይከፈት። ከዚያ የድርጅቱን ተለጣፊ ልጬ፣ በአልኮል ወልውዬ፣ ስክሪኑን አዲስ ፕላስቲክ አለበስኩት። አዲስ የገዛሁት ቦርሳውን ብቻ ነው። አባትሽ በስልክ «አዲስ ነው?» ሲለኝ ምን እንዳልኩት ታስታውሻለሽ? «ታዲያ ለልጄ አሮጌ ልልክ ነው እንዴ!» ብዬ ጮህኩበት። ጭራሽ ተቆጪ ሆኜ! ከአሜሪካ የሚላክ ነገር አዲስ ነው የሚባለው፤ ሰው «አሮጌ ላከች» ከሚለኝ ብዬ ነው።

አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ፤ የሕንፃ ሥዕሎችሽን ለመምህራንሽ ስታሳዪ ከኋላ የተቀመጡት እንዲያዩ ብለሽ ክዳኑን ለጠጥሽው። ጨርቁ ለካ ተደፍጥጦ ነበር። ሁሉም እያየ ጨለመብሽ። አባትሽም በማኅበሩ ቀን፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ «ከአሜሪካ አዲስ ተልኮላት ሰብራ ቁጭ አለች፤ ለዚች ልጅ ዕቃ አይሰጥም» አለ። ነጥቆሽም መልሶ ለእኔ ላከው።

እኔን የሚያቃጥለኝ ግን ሌላው ነው። ደውለሽ እያለቀስሽ «አክስቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እጄ ላይ ዕቃ አይበረክትም» ስትዪኝ ምን አልኩሽ? «ግድ የለም ልጄ፣ ዕቃ ነው ይሰበራል» አልኩሽ። ይቅር አልኩሽ! ምንም ያላደረግሽውን ልጅ ይቅር አልኩሽ። «እንዳንቺ ያለ አክስት ማን አለው፣ እግዜር ዕድሜሽን ያርዝመው» ስትዪኝም ሳላፍር «አሜን» አልኩ።

እትዬ ዘሪቱ ቦርሳውን ሲያስረክቡኝ «ልጅቷኮ የጓደኞቿን ኮምፒውተር መለመን ሰልችቷት ምረቃዋን ለከርሞ ልታደርገው ነው፤ አባቷም ሁለተኛ ላይገዛላት ምሏል» አሉኝ።

አብሮኝ ለሚሠራው ለሀይሉ ነገርኩት፤ የጨርቁን ነገር ግን ደበቅኩት። «ሶ ምን ያስጨንቅሻል? አሁን ሴል ነው፣ ዋጋ ቀንሷል፤ አዲስ ግዢና ላኪላት፣ ነገሩ በቃ ክሎዝ ይሆናል» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ሱቅ ሄጄ አንዱን ከመደርደሪያ አስወርጄ ያዝኩ። ይዤው እንደቆምኩ የአባትሽ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። «አየሽ፣ አክስትሽ ይቅር ብላ ሁለተኛ ላከችልሽ፤ ይቺን እንኳ ጠብቂያት» ሲልሽ። አዲሱ ከመጣ አንቺ ዕድሜ ልክሽን ሰባሪ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ደግ ሆነን ልንቀር ነው። መልሼ አስቀመጥኩትና ወጣሁ።

ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከሀበሻ ልብስ መሸጫው ጀርባ፣ ስልክና ኮምፒውተር የምትጠግን ፅጌ የምትባል ሴት አለች። ከሥራ በቀጥታ፣ ሰደርያዬን እንኳ ሳላወልቅ ሄድኩ።

«ማነው የሰበረው?» አለችኝ።

«የወንድሜ ልጅ» አልኳት። አየሽ? ነገሩን ላስተካክል ብዬ ሄጄ፣ አሁንም አፌ ላይ የመጣሽው አንቺ ነሽ።

ፅጌ ፈታችው። ትንሽ ጎርጎር አደረገችና ራሷን ነቀነቀች። «ይኼማ ማንም ብሬክ አላደረገውም፣ አልሰበረውም። ይኼ ሞዴል ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ በማጠፊያው የሚያልፈው ኬብል አጭር ነው። ሙሉ ኦፕን ስታደርጊው ይወጠርና ስክሪኑ ይጠፋል። ይኼን ሞዴል የያዘ ሁሉ የሚመጣልኝ በዚሁ ነው።» ከዚያ በወረንጦ አንድ ነገር መዝዛ አወጣች። መብራቱ ሲያርፍበት ብልጭ አለ። ጨርቁን አየች፣ ቀጥሎ ደረቴን አየች።

«ለተማርያም፣ ይኼ የፓርኪንግ ሰደርያሽ አይደል እንዴ?»

«ነው» አልኳት።

«ኦኬ። ታዲያ ለምንድነው ልጅቷ ሰበረችው ያልሽኝ?»

ብትሰድበኝ መልስ አላጣም ነበር፣ ታውቂኛለሽ። ጥያቄ ስለሆነ ግን ጨርቁን ከወረንጦዋ ላይ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ረዘም ያለ ኬብል አስመጥታ ቀየረችልኝ፣ የላላውንም ማጠፊያ አጠበቀችው። ልወስደው ስሄድ «ኦፕን አድርጊው፣ እስከ መጨረሻው» አለችኝ። ለጠጥኩት፤ እንደበራ ቀረ። ደጋግሜ ስከፍትና ስዘጋ «ኧረ ተይ፣ አሁን ገና ልትሰብሪው ነው» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኗን ግን ማየት አልቻልኩም።

እንግዲህ የምለምንሽ ይኼንን ነው። ደብዳቤውን እንዳትደብቂው። አውቅሻለሁ፤ ለእኔ ብለሽ «ተጠግኖ መጣ» ብቻ ብለሽ ልታልፊው ትችያለሽ። በማኅበሩ ቀን፣ ያኔ የነበሩት ሁሉ ባሉበት፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው። አባትሽ እንደሚቆጣ አውቃለሁ፤ ይቆጣኝ፣ ስልኬን አነሳለሁ። ምረቃን ለከርሞ የሚባል ነገር ግን እንዳልሰማ። ክዳኑን ፊታቸው እስከ መጨረሻው ክፈቺና ሥዕሎችሽን አሳዪያቸው።

ቁራጩን ጨርቅ የቦርሳው የፊት ኪስ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አባትሽ «እህቴ አሜሪካ ቢሮ ነው የምትሠራው» እያለ ለሰው ሲያወራ ስንት ዘመን ዝም ብዬ ሰምቼዋለሁ። ይኼ ደግሞ ምንድነው ብሎ ከጠየቀሽ የአክስቴ የሥራ ልብስ ነው በዪው።

እመቤቴ ማርያም በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። ለመመረቅ ታብቃሽ። እጅሽንም ትባርክልሽ፤ እጅሽ ምንም አላጠፋም።

አክስትሽ
ለተማርያም