አራተኛው መግነዣ

ወይዘሮ የብርጓል መርስዔ ኀዘን፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ኪዳን፣ ከአባታቸው ከመሪጌታ መርስዔ ኀዘንና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት አዘዘ በ1911 ዓ.ም. በጣና ዳር፣ በቁንዝላ ተወለዱ። ቀኑን "ዓሣ የጠፋ ዓመት፣ ማክሰኞ" ይሉ ነበር እንጂ የጻፈው የለም።

አባታቸው ደቀ መዛሙርት ሲያስተምሩ እሳቸው ከጓዳ ጥጥ እየፈተሉ ዳዊቱን በቃላቸው ያዙ። በ1972 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ሲገቡም የዘመቻውን መጽሐፍ ዘቅዝቀው ይዘው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ኋላ ግን በደንብ ተምረው ምስክር ወረቀት ተቀብለዋል፤ የማያምን ካለ ሣጥናቸው ውስጥ አለ።

በ1930 ዓ.ም. ከአቶ አምባቸው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አንዲት ልጃቸውን ወይዘሮ እናትዓለምን ወለዱ። በ1954 ዓ.ም. ባለቤታቸው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲቀጠሩ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ገቡ። አቶ አምባቸው በ1965 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወይዘሮ የብርጓል ለራሳቸው መግነዣ ፈትለው አሠሩና ሣጥን ውስጥ አስቀመጡ። ከሱቅ ይገዛ ሲባሉ፣ "ዕድሜ ልኬን ፈትዬ፣ በመጨረሻ የሰው ፈትል ለብሼ ፈጣሪዬ ፊት ልቁም?" ብለው ተቆጡ።

በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ለሠፈራ ከሚጓዙት ወገኖች የታመሙት በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ተጠልለው ነበር። ወይዘሮ የብርጓል ጧት ጧት ቁስላቸውን ያጥቡ፣ አጥሚት ያጠጡ ነበር። በዚህም ከቀበሌ ውይይት ስለቀሩ የውይይት መሪው አቶ ቢያዝን ሊገሥጿቸው መጡ።

"እማማ የብርጓል፣ ሕዝብን የሚያድነው ድርጅት ነው!"

"እውነትህን ነው ልጄ። እንግዲያው ድርጅቱ ያችን ጀሪካን ይሙላልኝ።"

አቶ ቢያዝን ሞሏት። ከዚያ ወዲህም ሦስት ወር ውሃ ቀድተዋል፤ እዚሁ አሉ፣ ይመስክሩ።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ከነዚሁ ሕሙማን አንዲት እናት ዘመድም እድርም ሳይኖራቸው አረፉ። ወይዘሮ የብርጓል ሣጥናቸውን ከፍተው መግነዣቸውን ሰጡና እንደገና መፍተል ጀመሩ። ሁለተኛውን በ1978 ዓ.ም. ታንኳ ተገልብጦበት ለሞተ እንጨት ሻጭ፣ ሦስተኛውን በ1979 ዓ.ም. በየሰንበቴው "ጠላሽ ውሃ ነው" እያለ ይሰድባቸው ለነበረ የደጀ ሰላም ለማኝ ሰጡ። ጎረቤት "የራስን መግነዣ መስጠት ሟርት ነው" ሲል፣ "ሞት ሣጥኔን ከፍቶ ባዶ ሲያገኘው ተመልሶ ይሄዳል" ብለው ሳቁ።

ይህን ቀልድ ከልቧ የያዘች አንዲት የልጅ ልጅ አለቻቸው። ባለፈው ዓመት ቁርጥማት ጣታቸውን ሲይዘውና አራተኛውን መፍተል ሲያቅታቸው እንዝርቱን የተረከበችው እሷ፣ አደይ ነች። ፈትሉን አይተው፣ "ይሄ ክር ነው የታንኳ ገመድ?" አሏት። ፈትል አለመቻሏ እውነት ነው። ነገር ግን ስምንት ወር የፈጀባት ባለመቻል ብቻ አልነበረም፤ ቀን የፈተለችውን ማታ ትፈታው ነበር። መግነዣው ካላለቀ አያቷ አይሄዱም ብላ ነው።

እሳቸው ግን ያውቁ ነበር። በመስከረም ሕመሙ ሲጠና ጠርተው፣ "አደይ፣ እኔን በክር አስረሽ አታስቀሪኝም። ጨርሺው፤ ብርድ ላይ አታቁሚኝ" አሏት። እያለቀሰች ጨረሰች። ሸማኔውም ሠርቶ ጥቅምት 7 ቀን አመጣው። ተኝተው በጣታቸው ዳሰሱት፤ ቋጠሮው ብዙ ነው። አንድ በአንድ ቆጠሩና፣ "መቁጠሪያዬን እዚሁ ተዪው። በየቋጠሮው አቡነ ዘበሰማያት እያልሁ እደርሳለሁ" አሉ።

ወይዘሮ የብርጓል በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ጥቅምት 12 ቀን 1981 ዓ.ም. አረፉ። አንዲት ልጅና አራት የልጅ ልጆች ትተዋል። ዛሬ የለበሱት የሰው ፈትል ነው፤ ፈጣሪ የጥጡን ጉብታ አይቶ "ይህን ማን ፈተለው?" ቢል፣ እሳቸው ይንገሩት። የተራቆቱትን ያለበሱትን እናት እሱ ብርሃን ያልብስልን፤ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ አሜን።