ጀርባዬን የሚያጥበኝ ሰው

ኖቬምበር 12፣ ማክሰኞ

የበዓል ማግስት። ሊፍቱ ውስጥ ግማሹ ሰው የትናንቱን ቮድካ ይሸታል። "እግዜር ይርዳችሁ" ተባባልንና ወደ ማዕድኑ ጉድጓድ ወረድን፤ ስምንት መቶ ሜትር።

ግድግዳ ሰባት፣ የድንጋይ ከሰሉ የሚቆረጥበት ቦታ ደረስኩ። እንደ ወትሮው በእጅ መለኪያዬ ለካሁ። ሚቴን፣ የሚፈነዳው ጋዝ፣ 1.4 ከመቶ። ጣሪያው ላይ የተሰቀለው ጠቋሚ ግን 0.6 ይላል። ጋዙ ሁለት ከመቶ ሲሞላ መብራት ቆርጦ ማሽኑን የሚያቆመው እሱ ነው... ቀና ብዬ አየሁ። የአየር ቱቦ! አፉ ጠቋሚው ላይ ተደቅኖ፣ በሽቦ ታስሮ፣ ንጹህ አየር ይነፋበታል። ቱ! የአስራ ስምንት ሰው ጠባቂ እንደ ትኩስ ሾርባ እፍ እፍ ይባልበት?

ፈታሁት። ፎርማኑ ፒካ እየሳቀ መጣ።

"ኤዋልድ፣ ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማህም?"

"መዝገቡ ላይ ምን ልጻፍ ታዲያ?"

"ሴፕቴምበር ላይ የጻፍከውን።"

አንገሸገሸኝ። ግን ጻፍኩ። 0.8።

ኖቬምበር 13፣ ረቡዕ

ሴፕቴምበር... እዚህ ደብተር ላይ እንኳን አልጻፍኩትም ነበር። ያኔም የለካሁት 1.4 ነው። ፒካ "ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፣ አየር ማስገቢያው እስኪጠገን" አለኝ። 0.8 ብዬ ፈረምኩ። ሳምንቱ ወር ሆነ። ከዚያ ወዲያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሩ። የሃያ ስድስት ዓመት ጋዝ ለኪ! ራሴን ቀፈፈኝ።

ቱቦው ዛሬ ተመልሶ ታስሯል። ሽቦውን ጠጋ ብዬ አየሁት። ሦስት ዙር፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ። ይህን አስተሳሰር አውቀዋለሁ። ግድግዳ ሰባት አብሮን የሚሠራው ራይሙንድ የእርግቦቹን ቅርጫት የሚዘጋው እንዲህ ነው።

ራይሙንድ! የራስን ጀርባ ማን ያዳርሳል፣ እዚህ ሁሉም አጣቢ አለው። የኔ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሱ ነው፤ የሱን እኔ። ዛሬም ሻወር ውስጥ "ዞር በል አንተ ሽማግሌ" ብሎ ሳሙናውን ያዘ። ዞርኩ። ያው እጅ ነው ቱቦውን ያሰረው እያልኩ... ቆዳዬ ሸሸው።

ኖቬምበር 15፣ ዓርብ

ሳልበላ ተነሳሁ። ባለቤቴ ሂልዳ፦ "ምግቤ ምን አደረገህ?" ምንም።

ኖቬምበር 19፣ ማክሰኞ

የመንግሥት የማዕድን ደኅንነት ተቆጣጣሪው መጣ። እንደሚመጣ ትናንት ተደውሏል፤ ሁሌም ይደወላል። ሌሊቱን የከሰል ብናኝ እንዳይቀጣጠል የሚረጨውን የኖራ ድንጋይ ዱቄት ሲነፉ አድረው ግድግዳ ሰባትን ነጭ በነጭ አድርገዋት ጠበቁ። ቱቦው የለም። ማሽኑም ለ"ጥገና" ቆሟል፤ ማሽን ሲቆም ጋዝ ከየት ይመጣል?

የማዕድኑ ኃላፊ ኢንጂነር ቪህሮቭስኪ ደረቱን ነፍቶ "ለእኛ ከሰው ሕይወት የሚበልጥ ነገር የለም" አለ። ተቆጣጣሪው ጫማው እንዳይቆሽሽ እየተጠነቀቀ ወደ እኔ ዞረ።

"እርስዎ የሚጨምሩት አለ?"

"የለም።"

የለም አልኩ! ተቆጣጣሪው ከጉድጓዱ ሲወጣ ለምሳ ጥቅል ሥጋና ቀይ ጎመን ይጠብቀው ነበር። ቱቦው ከሱ ምሳ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ማንን ይበልጥ እንደምጸየፍ አላውቅም። ራሴን መሰለኝ።

ኖቬምበር 21፣ ሐሙስ

ዛሬ 2.1። ሦስቴ ለካሁ፣ 2.1። ጠቋሚው 0.9 ይላል። ማሽኑ እየቆረጠ፣ ሰዎቹ ዳቧቸውን እየገመጡ...

ሽቦውን በጥርሴ ይሁን በእጄ አላስታውስም፣ በጠስኩት። ቱቦው ሲወድቅ ቁጥሩ ወጣ፤ 1.3፣ 1.7፣ 2.0፣ ጭጭ። መብራቱ ተቆረጠ። ማሽኑ ቆመ። "ውጡ!" አልኩ። ሰው ከወጣ በኋላ መግቢያው ላይ ሁለት ጣውላ አጋድሜ ቸነከርኩ።

ፒካ ፊቱ ቀላ። "ግድግዳው ቢዘጋ እነዚህ ሰዎች በየማዕድኑ ይበተናሉ። አንተ ነህ የምትቀልባቸው?"

"በሕይወት ይበተኑ።"

2.1 ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ቤት ገብቼ ለመቆጣጠሪያው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። ስለ ቱቦው፣ ስለ ኖራው፣ ስለ ስልኩ። ስለ ሴፕቴምበር... አልጻፍኩም። ምን ይጨምራል?

ኖቬምበር 26፣ ማክሰኞ

ግድግዳ ሰባት በተቆጣጣሪዎች ታሸገ። የኛን ሰዎች ለጊዜው ሌላ ጥግ መደቧቸው። ሻወር ስገባ ጨዋታው ይቆማል። ራይሙንድ ለሌላ ሰው ጀርባ ሰጥቶ ይታጠባል። ማንም አይነካኝም።

ሂልዳ አንሶላውን ይዛ መጣች። መሃሉ ላይ ጥቁር እድፍ።

"አንተ ሰውዬ፣ ራይሙንድ እጁ ተቆረጠ?"

ባለ ረጅም እጀታ ብሩሽ ገዛሁ። ሻወር ውስጥ ሳወጣው አንዱ "የፈረስ ነው?" አለ። ሳቁብኝ። እኔ ነኝ ያወጣኋቸው እኮ! ደደቦች።

ዲሴምበር 4፣ ረቡዕ

የማዕድን ሠራተኞች ጠባቂ፣ የቅድስት ባርባራ ቀን። ቪህሮቭስኪ ላባ ያለው ቆብ አድርጎ ከፊት ተሰልፏል። ከቅዳሴ በኋላ ለጋዜጠኛ ሲያወራ ሰማሁት። "ሥርዓታችን በትክክል ሠርቷል። ቱቦውን ያሰረው አንድ ሥነ ሥርዓት የጎደለው ሠራተኛ ነው፤ ዓርብ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፣ ይሰናበታል።"

አንድ ሠራተኛ። ራይሙንድ ማለቱ ነው። ፒካ ከኋላው ቆሞ ቢራውን ይጠጣል። አስጠሉኝ! ቋሊማውን ሳልቀምስ ወጣሁ።

ዲሴምበር 5፣ ሐሙስ

ሻወር ውስጥ ብሩሼን ሳነሳ ከኋላዬ እጅ ነጠቀኝ።

"ዞር በል" አለ ራይሙንድ። "ነገ ያባርሩኛል። አንዴ ልጠብህ።"

ዞርኩ። ማሸት ጀመረ።

"ቱቦውን አንተ ነህ ያሰርከው" አልኩ ግድግዳውን እያየሁ።

"እኔ ነኝ።"

"እንዴት አስቻለህ? አስራ ስምንት ሰው! አንተም እኮ እዛው ነህ!"

"ፒካ ጠቋሚው ተበላሽቷል፣ በከንቱ ነው የሚጮኸው አለኝ። አላመንኩትም፤ ፒካን ማን ያምናል? ሄጄ መዝገብህን ገለጥኩ። 0.8 ይላል፣ ያንተ ፊርማ አለበት። ኤዋልድ ከጻፈው እውነት ነው፣ የሚዋሸው ማሽኑ ነው ብዬ አሰርኩ።"

እጁ አላቆመም። ትከሻዬን፣ መሃሉን፣ ወገቤን። ለነገው ኮሚቴ መዝገቤን ያሳያል ወይ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላነሳውም። ውሃ አፈሰሰብኝና ሄደ።

ቤት ስገባ ሂልዳ ሸሚዜን ገልባ አየች። "ተመስገን! ታረቃችሁ ማለት ነው። ጠርተሃል።"

ወረቀት አውጥቼ ተቀመጥኩ። ነገ ጠዋት ከኮሚቴው ስብሰባ በፊት እጃቸው አስገባዋለሁ። እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦

ሴፕቴምበር 9፣ ግድግዳ ሰባት። የለካሁት 1.4። የጻፍኩት 0.8። ለኪ፦ ኤዋልድ ኮፔትስ።