ጠላ በቧንቧ

ሰኞ

ተሰነጠቀ። ለቧንቧ ስበሳው ባልዲው ከወገቡ እስከ ቂጡ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የፕላስቲኩ እንጂ የኔ አይደለም። ባለቤቴ አስካለ ከኪችን ብቅ ብላ መጀመሪያ ባልዲውን፣ ቀጥላ እኔን አየች፤ ወደ ድፍድፏ ተመለሰች።  

እሑድ ማኅበሩ እኛ ቤት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከምንኖር ሐበሾች ውስጥ እንደ አስካለ ጠላ የሚጠምቅ የለም፤ ይህን የምጽፈው ሚስቴ ስለሆነች አይደለም። እኔ ደግሞ ባለፈው ወር ማኅበርተኛው ሁሉ ፊት ብድግ ብዬ «እኛ ቤት ስትመጡ ጠላ የምትጠጡት በቧንቧ ነው!» አልኩ። ማን ተናገር አለኝ? የአስካለ ወንድም ጌታሁን ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ መጥቶ ነበር። «ጋሼ ደምሴ፣ አንተ ባልዲ እበሳለሁ ስትል እኔ ቢራ በመኪና ጭኜ ብመጣ ይሻላል» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አስካለ ብቻ አልሳቀችም። በእሷ ተራ ቢራ ከቀረበ ስንት ጊዜ እንደሚወራባት ታውቃለች።

ማክሰኞ

ከሥራ ስወጣ ሁለት ባልዲ ከነቧንቧቸው ገዛሁ፤ አንዱ መጠባበቂያ። ፈርቼ አይደለም።

ቪዲዮ አየሁ። ቤቱ ውስጥ ቢራ የሚጠምቅ ፈረንጅ ነው። «ከሥር አንድ ጣት ከፍ አድርገህ ብሳ፤ አትቸኩል» ይላል። ችኮላው ገባኝ። ትናንት ድሪሉን እንደ ጠላት ነበር የተጫንኩት።

የማታ ትምህርት መምህርታችን የዋላችሁትን ጻፉ ብላናለች። ሌሎቹ ምን እንደሚጽፉ እንጃ። እኔ ሥራ ያለኝ ሰው ነኝ፣ ወረቀት አይበቃኝም።

ረቡዕ

በሳሁት!!

ባልዲውን በጎኑ አስተኛሁ፣ ከውስጥ ጣውላ ደገፍኩበት፣ ድሪሉን በቀስታ ለቀቅኩት። የድሪሉ መብሻ ፑንታ እንደ ሰኞው ፕላስቲኩን አልነከሰም። እየፋቀ፣ እየፋቀ ገባ። ቀዳዳው እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ወጣ። ጠርዙን በቢላ ላጨሁት። ከውጭም ከውስጥም የጎማ ቀለበት አድርጌ ቧንቧውን በእጄ አጠበቅኩት።

በኋላ ሳየው ድሪሉ የሚዞረው ወደ ኋላ ነው። መቼ እንደነካሁት አላውቅም። ለካ ፕላስቲክ የሚወደው እንዲህ ነው።

«ወደ ኋላ ያዞርከው አውቀህ ነው?» አለችኝ አስካለ።

«ታዲያስ!»

አላወቅኩም። ከዛሬ ጀምሮ ግን አውቃለሁ፣ ስለዚህ ብዙም አልዋሸሁም።

ውሃ ሞልቼ ደረቅ ጋዜጣ ላይ አስቀመጥኩት።

ሐሙስ

ጋዜጣው ደረቅ ነው። ጠብታ የለም። ቧንቧውን ከፍቼ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁና እንደ ጠላ አጣጥሜ፣ ከንፈሬን ጠርጌ «ጌሾው ትንሽ አነሰው» አልኳት። ሳቀች! ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ማታ ጠላውን ከነድፍድፉ ገለበጠችበት። ከድፍድፉ ከተለየ ጉልበት የለውም ትላለች። ጌታሁንን ኮል አደረግኩትና «ቢራህን እዚያው ጠጣው» ብዬው ዘጋሁ።

ዓርብ

ደብል ሠራሁ፣ ሁለት ፈረቃ። እግሬ አልቋል። ጠላው ግን ከበር ነው የሚሸተው። ይበቃል።

ቅዳሜ

ጉድ ሆንኩ። ልቅመስ ብዬ ቧንቧውን ብከፍት አንዴ እንጥሽ አለና ዝም። የጌሾ ቅጠል ወትፎታል። በአፌ ነፋሁበት። ውስጥ ተንቦጫረቀ፣ አሁንም ዝም። አስካለ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«አንተ ሰውዬ፣ አተላው የት ይተኛ ብለህ ነው እታች የበሳኸው?»

«ቪዲዮው ላይ…»

«ሰውየው ጌሾ ያውቃል?»

ድሪሉን ፍለጋ ሄድኩ።

መጠባበቂያውን ባልዲ አመጣች፣ እጇን ዘርግታ ከሥር አንድ ስንዝር ለካችና በጥፍሯ ምልክት አደረገች። «እዚህ ጋ።» ባልዲውን በጉልበቷ ይዛልኝ እኔ በሳሁ፤ ድሪሉን ወደ ኋላ፣ አውቄ። ቀዳዳው ከረቡዕም የበለጠ አማረ። ምናልባት የያዘልኝ ሰው ስላለ ነው። ሁለተኛውን ቧንቧ ገጠምንና ጠላውን ከላይ በጎማ ቱቦ ወደዚህኛው ሳብነው፣ ድፍድፉን በመጨረሻ ቀስ አድርገን ጨመርን።

«እስከ ነገ ይረጋል?» አልኳት።

«እንጃ» አለች። ጠላን በተመለከተ እንጃ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ

ጸሎቱ አልቆ ሁሉም ቧንቧዬን እያየ ነው። ጌታሁን መጥቷል። ከማኅበርተኛው በዕድሜ የሚበልጡት የአስፐን ሂሏ እትዬ የሺ መጀመሪያ ይቅመሱ ተባለ። ብርጭቆውን ይዤ ከፈትኩ። 

ወረደ! የጠራ፣ መልኩ ቡላ፣ አረፋው ከላይ።

እትዬ የሺ ጠጡ። ደገሙ። «አስካለ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተስ ምን አደረግክ?»

«ቀዳዳውን፣ እትዬ!»

«እሱንም ይባርክልህ።»

ከዚያ ያላሰብኩት ነገር ሆነ። በሌላ ጊዜ ባለተራዋ እንስራ የሚያህል ጆግ ተሸክማ ጎንበስ ቀና ስትል ነው የምትውለው። ዛሬ ሰው እየተነሳ ለራሱ ቀዳ። ጌታሁን ራሱ ሦስቴ ተነሳ። አስካለ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እንባዋ እስኪመጣ ስትስቅ አየኋት። በራሷ ማኅበር ስትቀመጥ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ይህን ቪዲዮው አልነገረኝም።

ሰዉ አሁን ሄደ። ቧንቧው በጣም በትንሹ ያንጠባጥባል። ለማንም አልተናገርኩም። ከሥሩ ብርጭቆ ደቅኜ አጠገቡ ተቀምጫለሁ፤ ሲሞላ እጠጣዋለሁ።