የመርዳሳ በረንዳ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ቡዜ፤

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የጅዳ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሻል? አብራሽ የምትኖረው ሃፍሳስ? አካም ጂርቱ ብያችኋለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለሽ ገሥጸሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቂሜን ተወጣሁ፤ ጸሎቱ ይደርሳል።

ባለ ብረታ ብረቱ መርዳሳ የእግረኛውን መንገድ በብረትና በሲሚንቶ ዘግቶት፣ እማዬ ወደ አስፋልቱ ስትወርድ ባጃጅ ገጭቷት በክራንች መቅረቷን ታውቂያለሽ። ሽምግልናው ላይ ግን አልነበርሽም። ኦቦ ባጫና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ፣ ከሱቁ በር ውጭ ያለው መሬት የእሱ እንዳልሆነ፣ በላዩ ለተቆለለውም እንደማይጠየቅ ምሎ ተገዝቶ ሄደ። ሽማግሌ ፊት የማለን ሰው መልሶ መሟገት ነውር ነውና ጥርሳችንን ነክሰን ገባን። ዓመት ሳይሞላው እዚያው መሬት ላይ በረንዳ ሠራበት።

አሁን መንገዳችን እንደ አዲስ እየተሠራ ነው። ለእግረኛ ሰፊ መሄጃ፣ ለብስክሌት የራሱ መስመር ወጥቶለታል። ቀያሾቹ በረንዳው ጋ ሲደርሱ መርዳሳ የቆየ ይዞታዬ ነው አለ። የሰፈር ምስክር አምጣ ሲሉት ኦቦ ባጫን ጠራ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ቀድሜ ኦቦ ባጫ ቤት ሄድኩና መሐላውን አስታወስኳቸው፤ ለብቻው እንዳይነግሩት፣ ሰፈሩ ሁሉ በተሰበሰበበት እንዲናገሩትም ለመንኳቸው። ይህ ቂም ነው ልጄ አሉኝ። አዎ ቂም ነው አልኳቸው። እውነት እስከሆነ ድረስ እናገራለሁ አሉ።

በስብሰባው ቀን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «መርዳሳ፣ መሬቱ የእኔ አይደለም ብለህ ፊታችን ምለሃል። በሐሰት ከማልክ የዚህች ልጅ እናት እግር ይጠይቅሃል። በእውነት ከማልክ በረንዳው ይነሣ» አሉት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። መርዳሳ ተቀመጠ። እትዬ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በረንዳው የፈረሰ ዕለት ከሥራ አስፈቅጄ መጥቼ፣ የመጨረሻው ቆርቆሮ እስኪወርድ ቆሜ አየሁ።

ወንድማችን ኦሊቃ ወደ ሥራ ሲሄድ የብስክሌቱን ደወል የመርዳሳ ሱቅ ጋ ሲደርስ ያስጮኸዋል። ተው አላልኩትም። እማዬ ይቅር ብላዋለች፤ ገበያ ስንወጣ በማዶ እንሂድ፣ ሰው ማሳፈር ደግ አይደለም ትለኛለች። እኔ ግን ክንዷን ይዤ በእሱ ደጅ ነው የማሳልፋት፤ ክራንቿ እንዲሰማው ቀስ አድርጌ።

እማዬ ግንባርሽን ትስምሻለች። ኦሊቃ ናፍቆትሻል። ኦቦ ባጫ ምርቃቴን ለልጄ አድርሺ ብለው መርቀውሻል። ለሃፍሳ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። መርዳሳም ትናንት መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ አንገቱን ደፍቶ ቡዜን ሰላም በይልኝ ብሎኛል። የእሱን አላደርስም።

እህትሽ ሶረቲ
አዳማ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.