ለቤርሳቤ አለቃ፣ ከቀናተኛ አጎቷ

ለተከበሩ የቢሮ ኃላፊ
ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? በዚህ ሙቀት ላብ ሳይነካዎ፣ እንቅልፍም ሳይጎድልብዎ እንዲከርሙ ከልቤ እመኛለሁ። ምኞቴ መሬት ጠብ እንደማይልም አውቃለሁ፤ ባለፈው ሰሞን መሃል ከተማ ካለው ሆቴል፣ «የሥራ ጫናንና ጭንቀትን መቋቋም» ከተባለው ሥልጠና ሲወጡ በዓይኔ አይቼዎታለሁና። እኔ ከባጃጅ ሥር ተጋድሜ ብሎን ስፈታ እርስዎ በአጠገቤ አለፉ። ፊትዎ ባሮ ወንዝ ውስጥ ዋኝቶ እንደወጣ ሰው በርቶ ነበር። ቀናሁ።

ስሜ ባንተአምላክ ይባላል፤ ባጃጅ ጠጋኝ ነኝ። በቢሮዎ ሪፖርት የምትሠራው ቤርሳቤ የእህቴ የቦጋለች ልጅ ናት። አባቷ በልጅነቷ ስላረፈ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ቢያንስ እርስዎ እስኪቀጥሯት ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ቅሬታዬን ማዕረግዎ በሚጠይቀው አክብሮት በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ቤርሳቤ ምሳ መብላት አለመብላቷን እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔ አላውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሁለታችን ነበር፤ ባሮ ዳር ተቀምጠን አላፊ አግዳሚውን እናማለን፣ እሷ ትስቃለች፣ እኔ እጨምራለሁ። አሁን ቅዳሜዋ የእርስዎ ነው። በቀደም እራት ላይ ሚጥሚጣውን አቀብዪኝ ብላት «እሺ ክቡር ኃላፊ፣ እስከ ነገ ጠዋት ይደርሳል» አለችኝ። እኔ ለእርሷ ዕድሜ ልኳን «ጋሼ» ነበርኩ። ሹመት ለሌላው ሰው ደስታ ነው፤ እኔ ግን ተነሥቼ ሚጥሚጣውን ራሴ አመጣሁ።

ሁለተኛ፦ ከክፍሏ አንዱ ለትምህርት ሄደ፣ አንዷ ተዛወረች፣ አንዱ ወርቅ ፍለጋ ዲማ ወረደ። የሦስቱንም ሥራ ለእርሷ ስለሰጡ ቤተሰባችን ክብር ተሰምቶታል። ወደ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ የሚላከው ሪፖርት የእርሷ ነው፤ ከኩሌ የሚመጣውም የእርሷ ነው። ጫናው እንደበዛባት ብትነግርዎ ዝም እንዳላሉም መመስከር አለብኝ፤ ሥልጠናውን አዘጋጁ። ብቻ የሥልጠናውን ጽሑፍ የምትተይበው፣ አዳራሹን የምትከራየው፣ ውሃውን የምታስመጣው ቤርሳቤ ሆነች፤ ሌላው ሁሉ ሲሠለጥን ደግሞ ቢሮውን እንድትጠብቅ ታዘዘች። ጭንቀትን መቋቋም ሳትማር ቀረች ማለት ነው። በማግስቱ ከሥልጠና በመቅረቷ ተገሠጸች። ይህን ስሰማ መፍቻዬን አስቀምጬ በአድናቆት ቆምኩ። እኛ ጠጋኞች ለካ ኋላ ቀር ነን። ባጃጅ ከልኩ በላይ ተጭኖ ሲንበረከክ ሰው እናስወርድለታለን እንጂ፣ ለባጃጁ ስለ ጽናት ትምህርት መስጠት ትዝ ብሎን አያውቅም።

ሦስተኛ፦ እስካሁን የጻፍኩት ለመንደርደሪያ ነው። ባለፈው እሑድ ቤታችን ሽማግሌ መጣ። የላካቸው ኦጁሉ የሚባል የጤና ጣቢያ ነርስ ነው፤ ቤርሳቤ ራሷ የወደደችው ልጅ። ሽማግሌዎቹ በአጎቱ በአቶ ኒካው መሪነት ገብተው ተቀመጡ። እንደ ወጉ ትንሽ ላንገራግር፣ ትንሽ ልኩራራ፣ መጨረሻ ላይ ልጅቷን ጠርቼ ፈቃዷን ከራሷ አፍ ላሰማቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ለዚያ ቀን ሸሚዝ አስተኩሻለሁ። ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ እርስዎ ደወሉ። ከሪፖርቱ አንድ ሠንጠረዥ ጎድሏል ብለዋታል። ቤርሳቤ ጫማዋን በቅጡ ሳታስር በሽማግሌዎቹ ፊት አቋርጣ ወጣች፤ ባጃጅ ይዛም ሄደች።

ክቡር ሆይ፣ በእኛ ሰፈር ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ ልጅቷ ጥላ ከወጣች አስተርጓሚ አያስፈልግም። ለሥራ ተጠርታ ነው ብለን ብንምል ብንገዘት፣ እሑድ የሚሠራ ቢሮ አለ ብሎ የሚያምነን ጠፋ። አቶ ኒካው ተነሥተው «ልጅቷ መልሷን በእግሯ ነገረችን» አሉና ወጡ። ከዚያ ወዲህ ኦጁሉ ስልኳን አያነሣም። እሷ ሠንጠረዡን ሞልታ ስትመለስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም እርስዎ ለላኩት መልእክት መልስ ትጽፍ ነበር። አጎቷ አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ የምታነጋግረው እርስዎን ነበር። ቅናት ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

እንግዲህ እውነቱን ተቀብያለሁ። መውጣት መግባቷን፣ መብላት መተኛቷን የሚወስኑት እርስዎ ከሆኑ አባቷ እርስዎ ነዎት። አቶ ኒካውን ደጅ ጠንቼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ተመልሰው እንዲመጡ ለምኛቸዋለሁ፤ በመጪው እሑድ ይመጣሉ። ወደ ቤቴ ግን አይደለም፤ ወደ ቢሮዎ ነው። ልጅቷ እዚያ እንደምትገኝ አንጠራጠርም። እርስዎ በአባት ወንበር ይቀመጡ፣ እንደ ወጉም ትንሽ ያንገራግሩ፤ እኔ በር ላይ ቆሜ እያየሁ እቀናለሁ። ይህ ከከበደዎ እሑድን ብቻ ይመልሱልን። ስለ ቀሪው ሳምንት ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

ለወንበርዎ ጽናት፣ ለስልክዎ የአንድ ቀን ዝምታ፣ ለራስዎም ዳግመኛ ሥልጠና እየተመኘሁ፣ ከታላቅ ትሕትና ጋር እሰናበታለሁ።

ባንተአምላክ
ባጃጅ ጠጋኝ፣ የቤርሳቤ የቀድሞ አሳዳጊ

ማስታወሻ፦ ሽማግሌዎቹን ስለ ጠባይዎ አስቀድሜ አስጠንቅቄያቸዋለሁ። የዓመት ዕረፍቷን እንኳ ያልሰጧት ሰው፣ እሷን ራሷን በአንድ ልመና ይሰጣሉ ብለው አይጠብቁም። ስንቅና ምንጣፍ ይዘው ይመጣሉ።